የምናሶን ኩርፊያና የፖሊምኒያ መዝሙር

ወንድሜ ምናሶን በግሪክ አገር፣ በሄሊኮን ተራራ ሥር ለፖሊምኒያ የሚዘመረውን መዝሙር ሙሉውን የሚያውቅ ብቸኛው ሰው ነበር። የቅዱስ መዝሙር እመቤት፣ እንስት አምላክ ናትና መዝሙሯ አይጻፍም። የመጨረሻዋን ክፍል ደግሞ ዘማሪው ካባውን ወደ አፉ ስቦ ለመሠዊያዋ በሹክሹክታ ይላታል፤ ሕዝቡ ጉምጉምታ እንጂ ቃል አይሰማም። ይህችን ክፍል ለመስጠትና ለመቀበል አስተማሪና ተማሪ ቂም ሊያያዙ አይገባም። ሕጉን ያወጣው ሰው ወንድሜንና ልጁን አርኪፔን አላያቸውም።

አርኪፔ መዝሙሩን ከአባቷ ተምራ የቀረቻት ያቺ ክፍል ብቻ ነበረች። የምትቀበልበት ቀን ሲቃረብ በጓደኛዋ ሠርግ ላይ ሞቅ አላትና ከመዝሙሩ ጥቂት አዜመች። ለፖሊምኒያ ውሃ፣ ወተትና ማር እንጂ ወይን አይፈስላትም። ምናሶን ወይን በተጠጣበት ድግስ መዘመሯን ሲሰማ ቤቱን አናወጠው።

«ያቺ ልጅ ይቅርታ ሳትጠይቅ ደጄን እንዳትረግጥ!» አለኝ።

ወደ እሷ ሄድኩ። «አንቺ፣ እግሩ ላይ ውደቂና ይለቅልሽ።»

«አክስቴ፣ አንቺን ይንሳኝ አልሄድም! በሰው ፊት ሰካራም ብሎኛል። እሱ ያስጠራኝ።»

ተመልሼ ስነግረው፣ «ያስጠራኝ አለች? የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጮኸ።

«ያንተው ናታ! በማን ትውጣ?»

ሳቁን ዋጠው እንጂ አላስጠራትም። የወይራው ፍሬ ሲለቀም የእሷን ድርሻ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ተሸክሜ የማደርሰው እኔ። «እኔ ላክሁት እንዳትዪያት» ይለኛል። አቤት እልኸኝነት! ሁለቱም ጊዜው የእነሱ መስሏቸው ነበር።

በጸደይ አንድ ጠዋት ግማሽ ጎኑ ዛለ፤ አንደበቱም ተያዘ። አርኪፔ እየሮጠች መጥታ እግሩ ላይ ወደቀች። «አባባ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅር በለኝ!» በደህና እጁ ራሷን ዳበሳት። ወዲያው ወተትና ማሩን አመጣሁ፣ አፈሰስን። የመጨረሻዋን ክፍል ሊሰጣት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቃልም ዜማም አልነበረም። እያላበው ደጋግሞ ሞከረ። እሷ ከንፈሩን ከንፈሩን ታያለች። በመጨረሻ «ይበቃል» አልኳቸው።

በበዓሉ ዕለት አርኪፔ የምታውቀውን ዘመረች። ከመጨረሻዋ ክፍል ስትደርስ ካባዋን ወደ አፏ ሳበችና ዝም አለች። ጉምጉም ብላ ማስመሰል ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። ሕዝቡም አብሯት ጸጥ አለ።

«እመቤታችን የምትወደው ይህን ነው! እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማንም» አሉ ካህኑ።

ምናሶን በቃሬዛ ላይ ተኝቶ ሰማቸው። እንባውን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ወይኑ ሳይለቀም ሞተና ቀበርነው።

ዛሬ «ቅዱሱን ዝምታ» ለመስማት ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል። ቅርጽ ሠሪዎችም ፖሊምኒያን በካባ ተጠቅልላ፣ አፏን ገጥማ ይቀርጿታል። እኔን ግን ያመኛል። እዚያ ቦታ ላይ ቃል ነበረ።

አርኪፔ አሁን ሌሎችን ታስተምራለች። አንዷ ተማሪዋ በቀደም፣ «እሜቴ፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው ዝም የምንለው?» አለቻት።

«አባቴን አኩርፌው ስለነበር ነው» አለቻት አርኪፔ።

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች።