ስሞቹ የተቆረጡበት ፈተና

እኅቴ በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮሌታ ስትሰፋ “ጊዜያዊ ሠራተኛ” ነበረች፤ ኮሌታ የማቀብላት እኔም እንደዚሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ተለጠፈ። የውጭ ገዢዎች ሊጎበኙን ስለሆነ ጊዜያዊ ሠራተኞች በሙሉ የእንግሊዝኛ ሰዋስው እንፈተናለን፤ ያለፈ ቋሚ ይሆናል፣ የወደቀ ይሰናበታል። ፈተናው ከአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስሞችንና ጥምር ግሦችን እየለዩ ማስመር ነው። ኮሌታ ስለ መስፋት የተባለ ነገር የለም።

አስተማሪውም ፈታኙም የሥራ አስኪያጁ የሚስቱ ወንድም ሆነ። “ክራባት” እንለዋለን፤ ያለ ክራባት አይተነው አናውቅም። በምሳ ሰዓት ማሽኖቹ መሀል ቆሞ ያስተምረናል።

“ጥምር ግሥ ማለት ሁለት ሦስት ቃል ተሰብስቦ አንድ ሥራ ሲሠራ ነው” አለ።

“እንደ ቢሮ ሰዎች ነዋ!” አለች ልብስ የምትተኩሰው ሴትዮ ከኋላ።

“ማነው የተናገረው?”

ሁላችንም ዳቦአችን ላይ አቀረቀርን።

ቤት ስንገባ እኅቴ እኔን መያዝ ነው። “ስማ አንተ፣ ይሄ ‘ሃዝ ቢን’ የሚሉት ነገር ለብቻው ነው ወይስ ከሚቀጥለው ጋር?”

“እኔ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ እትዬ።”

“እኔ ከሦስተኛ። ስለዚህ አንተ ፕሮፌሰር ነህ፤ ተናገር።”

የፈተናው ጽሑፍ ስለ አንድ የመርከብ ካፒቴን ነበር። ጨርሰን ስንወጣ እኅቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች። “ካፒቴኑን አግኝቼዋለሁ” አለችኝ፤ “ከዚያ ወዲያ ባሕር ገባሁ።”

ክራባት የሚያርመው በካርቶን ነበር። ካርቶኑን ከፈተናው ጋር የላከለት ሌላ ሰው ነው፤ መልስ ባለበት ቦታ ሁሉ በምላጭ ትንሽ መስኮት ተከፍቶለታል። በየወረቀቱ ላይ ጣል አድርጎ በመስኮቱ መስመር ከታየው ልክ ነው ይላል። ቢሮው ጠባብ ስለሆነ የሠላሳ ሁለታችንን ወረቀት በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አነባበረ፣ ካርቶኑን ከላይ አደረገ፣ ነፋስ እንዳይበትነው ብረት ጫነበትና ስልክ ሊያነጋግር ወጣ።

በዚህ መሀል ቆራጩ ከምሳ ተመለሰ። “ጋሼ ሚሊሜትር” እንለዋለን። ከድሮም ቋሚ ስለሆነ ፈተናው አልነካውም። በእኛ ዘንድ ጨርቅ የሚቆረጠው ተነባብሮ፣ የካርቶን ንድፍ ከላይ ተደርጎ፣ ብረት ተጭኖበት ነው። ጋሼ ሚሊሜትር ይህን ካየ አይጠይቅም። ወረቀት መሆኑን አይቷል፤ ግን በየልብሱ ላይ የሚንጠለጠል የመለያ ቁራጭ የታዘዘ መሰለው። ስለቱንና መዶሻውን አነሣ።

ክራባት ሲመለስ ሠላሳ ሁለቱም ወረቀት እንደ ወንፊት ሆኗል። መልሱ ያለበት ቁርጥራጭ፣ የማን እንደሆነ ሳይለይ፣ በአንድ ሳጥን ተከምሯል።

“ምንድን ነው ያደረግከው?” ብሎ ጮኸ።

“ንድፉን ተከትዬ ቆረጥኩ፣ ጌታዬ። ግማሽ ሚሊሜትር ካጓደልኩ ይቅጡኝ።”

ጩኸቱን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ያንኑ ፈተና መድገም አይቻልም፤ መልሱ የት የት እንዳለ ሁላችንም አይተናል። ገዢዎቹ ደግሞ በማግስቱ ይደርሳሉ። ሥራ አስኪያጁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእንግሊዝኛ የማሽን መመሪያ ነቅሎ ለክራባት ሰጠው። “በል፣ በዚህ ይፈተናሉ። መልሱን አሁኑኑ አንተ ሥራው።”

ክራባት እርሳስ ያዘ። አነበበ፤ መልሶ አነበበ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

“ይሄ እንኳ ቢሮ ገብቼ በእርጋታ የምሠራው ነው።”

እኅቴ ወንበሯን አንሥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። “እዚሁ ይሥሩት እንጂ፣ ወንድሜ። እኛም የተፈተንነው እዚሁ ነው።”

ክራባት ተቀመጠ። አንድ ቃል አሰመረ፣ በላጲስ አጠፋ፣ ያንኑ ቃል መልሶ አሰመረ። ሥራ አስኪያጁ የሚስቱን ወንድም አየ፣ እኛን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

“ሁሉም አልፈዋል ብለህ ጻፍ” አለው ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ ማስታወቂያ ከነስማችን ዝርዝር ወጣ። ሠላሳ ሁለታችንም በከፍተኛ ውጤት አልፈን ቋሚ ሆነናል፤ ክራባትም ላሳየው የማስተማር ብቃት ምስጋና ተችሮታል። እኅቴ ስሟን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ማሽኗ ጋ ሄዳ ፊቷን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

“ምን ትገተራለህ?” አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች። “ኮሌታው ተከምሯል፤ አቀብለኝ።”