«ይላመዳል» የተባለው ብስክሌት

ፀጉር አስተካካዩ ያን ውድ የኮርስ ብስክሌት ገዝቶ ቤት ሲገባ ሚስቱ አልጮኸችበትም። «ለፀጉር ቤቱ ሁለተኛ ወንበር የምንገዛበት ገንዘብ ነበር። እሺ፣ ይሁንልህ» አለችው ብቻ። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱ ጥሩ ከመሆን ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ለብስክሌቱ ግን ይህን የነገረው የለም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ማርሹ አቀበት መሃል እንዳሻው ይቀያየር ጀመር። ካቴናው በየመንገዱ ይወልቃል። መቀመጫው ሲወጡበት ከፍ ብሎ፣ ሲወርዱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ወደ ሱቁ በመለሰው ቁጥር ሻጩ ጎማውን አንዴ ያሽከረክርና «አዲስ ነገር አይደል፣ ይላመዳል» ይለዋል። ማን ከማን ጋር እንደሚላመድ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ ይህን ብሶት ለማን ይናገር? ማታ ሚስቱ «ብስክሌቱ እንዴት ነው?» ስትለው በግራሶ የጠቆረ እጁን ኪሱ ከትቶ «ይበርራል» ይላታል። ፀጉር ቤቱ ውስጥማ ባሰበት። መቀስ የያዘ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ደንበኛ ስለ ብስክሌቱ በጠየቀው ቁጥር ሰማይ ድረስ ያሞካሸዋል። ከሁሉም አፉን ከፍቶ የሚያዳምጠው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር።

አንድ ቀን ከመሪው ሥር ቀለሙ ተላጠ። በጥፍሩ ፋቅ ቢያደርገው ብረቱ ተሰንጥቋል። በዚህ ብስክሌት ቁልቁለት መውረድ ማለት ጥርስን አስፋልት ላይ ዘርቶ መምጣት ነው። አሁንስ በቃኝ አለና ብስክሌቱን እየገፋ፣ ለሻጩ የሚለውን ሁሉ በየመንገዱ እያጠና ሱቁ ደረሰ።

የሚስቱ ወንድም እዚያ ቆሟል። ያንኑ ዓይነት ብስክሌት፣ ቀለሙ ሳይቀር ያንኑ፣ በአንድ እጁ ይዞ ሊከፍል ነው።

ሻጩ ፀጉር አስተካካዩን ሲያይ ፈገግ አለ። «አንተ ብስክሌቱን ስታሞግስ ሰምቶ ነው የመጣው። አሁን ዕቃውን ልትወቅስ ከሆነ ያው ምስክርህ ቆሟል።»

ያጠናው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። የሚስቱን ወንድም አንገት አየ፤ በየጊዜው በምላጭ የሚያስተካክለው አንገት ነው። ክብር ገደል ይግባ አለ በልቡ።

«አትግዛ» አለው። «ይኸው፣ ስንጥቁን እይ። የነገርኩህ ሁሉ ውሸት ነው። እህትህን ፈርቼ ነው የቀባጠርኩት።»

ወንድምየው ስንጥቁን ትቶ እሱን አየው። «ገባኝ ጋሼ። ሰፈር ውስጥ አንተ ብቻ እንድትይዘው ነው።»

«አንገትህ ይሰበራል እኮ ነው የምልህ።»

«ትናንት ወንበርህ ላይ አስቀምጠህ 'ዕድሜህን ሙሉ አትቆጭም' ስትለኝ አልነበር? እኔ ልገዛው ስል ተሰነጠቀ?»

ከፍሎ ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ቆም ብሎ «ለእህቴ አልነግራትም» አለ። «ባሏ ወንድሟን ይመቀኛል ሲባል ብትሰማ ታፍራለች።»

ከሱቁ ፊት ያለው መንገድ ረጅም ቁልቁለት ነው፤ ወንድምየው ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ መውረድ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ብስክሌት ጥሎ «ቀስ በል፣ ፍሬን ያዝ» እያለ ተከትሎት ሮጠ። ወንድምየው ዞር ብሎ አየው። ብስክሌቱን ሊያስጥለው የመጣ መሰለውና ፔዳሉን አጥብቆ ረገጠ።