የታፈነው ጋንቾ

ወይዘሮ ብርነሽን ለሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳቸው የልጅ ልጃቸው የጃለታ ፒክአፕ አልነበረችም፤ ከኋላዋ የሚመጣው «ቋ... ቋ» ነበር። ጃለታ በፒክአፗ ቤቶኔራ ይጎትታል። ቤቶኔራው በሁለት ጎማ የሚሄድ፣ ሲሚንቶና አሸዋ የሚያቦካ ከባድ ማሽን ነው። ከፊቱ የወጣው መጎተቻ ምላሱ ጫፍ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ከመኪናዋ ኋላ በቆመ ፒን ላይ ይጠልቃል፤ ጋንቾ የሚሉት ይህንን ነው። ታዲያ ፒኑ ከማርጀቱ ተበልቶ ቀጥኗል፤ ቀለበቱም ሰፍቷል። መኪናዋ ፍሬን በያዘች ቁጥር ብረት ከብረት ይላተማል።

ቤታቸው እንጦጦ ግርጌ ነው። ከደጃፉ ጀምሮ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ዊንጌት የሚወርደው ተማሪ ደግሞ ዳር ዳሩን አይሄድም፣ መሀል መንገዱን ሞልቶት ነው የሚሄደው። ያ ማሽን ቢወልቅ የማንን ልጅ ይዞ እንደሚወርድ ወይዘሮ ብርነሽ በሐሳባቸው ስንቴ አይተውታል። ከማሽኑ ፊት ያለው ጃለታም ቢሆን እናቱ ከሞተች ወዲህ እሳቸው ያሳደጉት ነው። ስለዚህ እሑድም ሰኞም ማክሰኞም በር ላይ ቆመው ጠበቁት፤ ከጋቢና ሳይወርድ ጋንቾውን አሠራ እያሉ ጨቀጨቁት። እሱ ደግሞ ሐሙስ የሶሌታ፣ የፎቅ ወለል ኮንክሪት፣ ሙሌት አለበት። ሥራው ትልቅ ነው፤ ካማረ ቀጣዩ ፎቅም የእሱ ነው። ሐሙስ ይለፍና አሠራዋለሁ አለ።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ መጣች። ወይዘሮ ብርነሽ ጆሯቸውን አላመኑም። ተሠራ ወይ ብለው ቢጠይቁት «ተሠራ አኮ፣ በቃ ተኚ» አላቸው። አያቱን አኮ የሚላቸው በአባቱ ወገን ቋንቋ ነው። ተመስገን ብለው ተኙ።

ሐሙስ ማለዳ ጃለታ ሞተሩን እያሞቀ ሳለ የበሶ ኮዳውን ሊሰጡት ወጡ። በቤቶኔራው በኩል ሲያልፉ ጋንቾውን እንደ ዋዛ ዳሰሱት፤ እጃቸው ብረት ላይ ሳይሆን ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። ጎንበስ ብለው አዩ። በፒኑና በቀለበቱ መሀል የካላማዳሪ ቁራጭ ተጠቅጥቆ፣ ከላይ በሽቦ ተጠፍሯል።

«ጃለታ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ላስቲክ ነዋ።»

«ላስቲክ መሆኑንማ ዓይን አለኝ። ሥራው ምንድን ነው?»

ጃለታ አንገቱን አከከ። «እንድትተኚ ብዬ ነው አኮ። ሦስት ቀን ሙሉ አልተኛሽም።»

ወይዘሮ ብርነሽ በወጣትነታቸው ድር ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። እዚያ አንድ ማሽን ጥርሱ ላልቶ ይጮህ ነበር። አለቃው ሲሰማ ስለሚቆጣ ሴቶቹ ተማክረው ጨርቅ ጎሰጎሱበት። ማሽኑ ጸጥ አለ፤ ሁሉም ረሳው። ሳምንት ሳይሞላው ቀበቶው ተፈናጥሮ የአንዷን ክንድ ሰበረ። ጨርቁን ያቀበሉት እሳቸው ነበሩ። አሁን ደግሞ ልጁን ላስቲክ ያስጎሰጎሰው የእሳቸው ጭቅጭቅ ነው።

ይህን አላወሩለትም። ነጠላቸውን ሰብስበው የቤቶኔራው ምላስ ላይ ተቀመጡ።

«አኮ፣ ተነሺ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ሂዳ። እኔንም ጎትተህ ሂድ።»

ወደ ሥራ የሚወርድ አንድ ጎረቤት ቆም ብሎ አያቸውና «እማማ ብርነሽ፣ አዲሱ ገበያ ትጭናላችሁ?» አለ። ጃለታ አልሳቀም። ስልኩ ጮኸ፤ ፎርማኑ አሽረፍ ነው። ሠላሳ ሠራተኛ ቆሟል፣ ለሙሌቱ በጉ ታርዷል፣ አንተ የት ነህ ይላል። ወይዘሮ ብርነሽ እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን ተቀበሉ። ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ፣ ልጁን ያስቀሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ ጋንቾው ሳይሠራ ግን ከደጃፋቸው ንቅንቅ እንደማይል በትሕትና አስረዱ። አሽረፍ እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ማሽን እጠራለሁ አለ። ለእሳቸው ሲል ግን አልጮኸም።

ጃለታ ቤቶኔራውን ፈትቶ ጎማው ሥር ድንጋይ ደገፈ። ፒኑን ነቀለ፤ የቀለበቱን አፍ ለክቶ በልኩ ካርቶን ቆረጠ። ወይዘሮ ብርነሽ ሳይጠየቁ ጋቢና ገቡ። አዲሱ ገበያ አጠገብ ያለው የብረት ቀራጩ የስብሐት ቶርኖ ቤት ገና እየተከፈተ ነበር። ስብሐት አሮጌውን ፒን በጣቱ እያሽከረከረ አየው፤ አዲስ ፒን እንደሚያወጣለት፣ ለሰፋውም ቀለበት ውስጡን የሚሞላ ቦኮላ እንደሚቀርጽለት ተናገረ። ወይዘሮ ብርነሽ፣ ልጁ ዛሬ በዚህ ቢወርድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ጠየቁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ እማማ። ወርም ሊቆይ ይችል ነበር፤ ዛሬም ሊወልቅ ይችል ነበር» አለና ማሽኑን አስነሳ።

ተሠርቶ፣ ተመልሰው ቦኮላው በመዶሻ ገብቶ፣ ቤቶኔራው እስኪታሰር አምስት ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ ብርነሽ ምላሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት። አልተነቃነቀም። ጃለታ ሳይሰናበታቸው ወረደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰ። የሆነውን የነገራቸው በአጭሩ ነው፤ ሲደርስ ሌላ ቤቶኔራ እየዞረ ነበር። አሽረፍ የጓሮውን ደረጃ ብቻ እንዲሞላ ሰጠው። ቀጣዩ ፎቅ ለሌላው ሆኗል።

ወይዘሮ ብርነሽ ምሳውን አሙቀው አቀረቡለት። አልነካውም።

«ተቀየምከኝ?»

«አዎ፣ ተቀይሜሻለሁ።»

«ይሁን። ተቀይመህም ቢሆን እቤትህ ግባልኝ እንጂ።»

ጃለታ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። እሳቸውም የቤቶኔራው ጎማዎችስ እንዴት ናቸው ብለው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱና፣ እስኪበላ ልተወው ብለው ዘጉት።