የፌንጣ ግራ ጎን

ወሬውን ያመጣው እንደተለመደው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፤ በመኪና ፋብሪካው ዘመን ቀለም ቀቢ ነበር። ስሙን ያወጡለት አፉ ባትሪ ስለማይጨርስ ነው። ያን ቀን ጠዋት የግቢያችንን በር በእግሩ ገፋ አድርጎ ገባና፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣

«ፌንጣ ልትመለስ ነው» አለ።

አባቴ የአንድ ታክሲ በር ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ይቀጠቅጥ ነበር። መዶሻውን አላቆመም።

«ስንተኛ መመለሷ ነው?» አልኩት እኔ።

«አንቺ ደግሞ! ይሄኛው የተለየ ነው። ስሟን የገዛው ኩባንያ ብቻውን አልሆነለትም። አሁን ከአንድ ትልቅ የውጭ መኪና አምራች ጋር ሊሻረክ ነው። ሞተሩን እነዚያ፣ አካሏን እነዚህ። እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም።»

«ወሬ ቢበዛም በአህያ አይጫንም» አልኩና የመሥሪያ ቤቴን ቦርሳ አነሳሁ። የምሠራው መነጽር ቤት ነው፤ በሬዲዮ ወሬ ምክንያት አርፍጄ አለቃዬ ፊት መቆም አልፈልግም።

ፌንጣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ አፍንጫዋ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ የኋላ ጎማዎቿ ላይ ጭኗ ከፍ ያለ የውድድር መኪና ነበረች። በወረቀት ላይ ሌላ የከበረ ስም አላት፤ ሠራተኞቹ ግን ልትዘል እንደተዘጋጀች ስለምትቀመጥ ፌንጣ አሏት፣ ፌንጣ ሆና ቀረች። አካሏ ከማሽን አልወጣም። ላሜራ ቀጥቃጮች ናቸው በእጃቸው ያወጧት። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ስለ እሷ ሲያወሩ ቅኔ ሊቀኙላት ምንም አይቀራቸውም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። እኔ በልጅነቴ ተሳፍሬባታለሁ፤ ትሞቃለች፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ሲዘንብ በበሯ ውኃ ታስገባለች።

አባቴ ግን በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ ሳይሞት አንዲት ፌንጣ ቀጥቅጦ ማውጣት። ወሬው በመጣ ቁጥር ጺሙን ይላጫል፣ የፋብሪካውን ቱታ ያወጣል። እናቴ በሕይወት ሳለች ትተኩስለት ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ተኳሿ እኔ ሆንኩ፤ በየጊዜውም ያንኑ ቱታ ሳይለብሰው አጣጥፌ እመልሰዋለሁ። ይህን ሳደርግ ምን እንደሚሰማኝ ብናገር ደስ አይለውም። ንዴት ነው የሚሰማኝ።

ልወጣ ስል ሬዲዮ የመጨረሻውን ወሬ አወጣ።

«ፎርማ እየፈለጉ ነው አሉ። ንድፉ ጠፍቷል። ሁለቱም ጎን ያለው ሰው ከተገኘ ሠራተኛውን ከነፎርማው ይወስዱታል ነው የሚባለው።»

መዶሻው ቆመ።

ፎርማ ማለት ላሜራው እየተደገፈ የሚቀጠቀጥበት፣ በመኪናዋ ቅርጽ የተጠረበ ትልቅ እንጨት ነው። ፌንጣ ሁለት ፎርማ ነበራት፤ የቀኝና የግራ። የቀኙ ላይ አባቴ ነበር የሚሠራው፣ የግራው ላይ ታናሽ ወንድሙ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ተከፋፍለው ሠሩ። ፋብሪካው የተዘጋ ቀን አለቃቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመላቸውና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጎን ተሸክመው ወጡ። የቀኙ እስካሁን ኮሪደራችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ተጋድሟል። በእሱ ምክንያት ወደ ኩሽና የምናልፈው በጎን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ «ሬሳ አለ እንዴ?» ይለናል።

ሁለቱ ወንድማማቾች የተጣሉት ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካውን የሚያፈርሰው ድርጅት ሠራተኛ ሲፈልግ አጎቴ ገባ። የገዛ ማሽኖቹን እየፈታ ለብረት ቀላጭ ጫነ። አባቴ ይህን ሲሰማ «እናቱን ገንዞ ልብሷን የሚሸጥ ሰው ወንድሜ አይደለም» አለ። ቃሉንም ጠበቀ፤ እንዲህ ያለውን ቃል መጠበቅ ያውቅበታል። የአጎቴ ሚስት የሞተች ጊዜ እንኳ አልሄደም። እኔ ሄድኩ፤ ስመለስም ሳምንት አኮረፈኝ።

እና ያን ጠዋት መዶሻውን አስቀምጦ «እሁድ ወንድሜ ቤት ትወስጂኛለሽ» አለኝ።

«ለቅሶ ያልሄድክበት ቤት ለእንጨት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ነው። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

«ግማሽ ፎርማ ማገዶ ነው» አለ አባቴ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

«በኮምፒውተር አንዱን ገልብጠው ሌላውን ያወጡታል እኮ አባዬ።»

«አይወጣም። ግራና ቀኟ አንድ አልነበረም። የግራው ፓራፋንጎ ጎማው ላይ ሲደርስ ትንሽ ይሞላል። የወንድሜ እጅ ለስላሳ ነው፣ እኔ አጥብቄ ነው የምመታው። ሰው ከሩቅ ሲያያት ሕይወት ያላት የሚመስለው ለዚያ ነው።»

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ስለ ወንድሙ ክፉ ያልሆነ ነገር ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። በዚህ ተሸነፍኩ መሰለኝ። ለእንጨትም ይሁን ለምንም፣ ከበሩ ይድረስ እንጂ አልኩ በልቤ። አንዴ ከተያዩ ሌላው ይከተላል ብዬ ነው።

እሁድ ቱታውን ተኮስኩለት። ሊለብሰው አይደለም፤ በፌስታል ይዞት ሄደ። ለምን እንደያዘው አልጠየቅኩትም። አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው።

አጎቴ የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ በየደረጃው እረፍት እያደረገ ወጣና ራሱ አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከውስጥ መቀርቀሪያው በችኮላ ሲፈለግ ሰማሁ። በሩ ተከፈተና አጎቴ ብቅ አለ፤ ከስቷል። ዓይኑን አየሁት። ሥራዬ ነውና ወዲያው ገባኝ፤ ሰውን የሚያየው ራሱን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ ጥግ ነው። የሚያየው ነገር መሐሉ ጠፍቶበታል።

«ወንድም ጋሼ?»

አጎቴ እጁን ዘረጋና የአባቴን ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ በመዳፉ ዳሰሰው፣ ላሜራ እንደሚፈትሽ። እዚያው በሩ ላይ እንባው ወረደ።

«አረጀህ» አለው።

«አንተስ?» አለ አባቴ።

አስገባን። እጄን ይዞ «አንቺማ ለቅሶዬ ላይ ነበርሽ፣ አልረሳሽም» አለኝ። ሻይ ላፍላ ብል እምቢ አለ፤ ራሱ እየዳበሰ አፈላ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየለካ ሞላ። ሲቀመጥ ፊቱ ሁሉ ፈክቶ ነበር፤ እኔም ጅል ሆኜ ተሳክቷል አልኩ።

«ባለቤቴ ይመጣል ትል ነበር» አለ። «ታማ እንኳ፣ "ወንድምህ ልቡ ይዘገያል እንጂ አይቀርም" ትለኝ ነበር። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። እሷ ነበረች የምታምንህ።»

አባቴ ጫማውን እያየ ነበር። ከዚያ ዓይኑ መንከራተት ጀመረ። አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። አይንህን መልስ፣ ቢያንስ ሻይህን እስክትጨርስ አልኩ በልቤ። የመኝታ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። እዚያ ግድግዳው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከአልጋው አጠገብ ግን ያልተቀባ ቦታ አለ። ግድግዳው ሲቀባ እቃው ከቦታው ስላልተነሳ ዙሪያውን ብቻ ነው የቀቡት። ያልተቀባው ቦታ ዝቅ ያለ አፍንጫ አለው፣ ከኋላ ከፍ ያለ ጭን አለው። እዚያ የነበረው የፌንጣ ግራ ጎን ነው። አሁን የለም።

«ግራው የት ሄደ?» አለ አባቴ።

«ምኑ?»

«ፎርማው።»

የአጎቴ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። ነገሩ እስኪገባው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። እጁ ብርጭቆው ላይ ቀረ።

«ለሱ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም አጎቴ፣ ሊጠይቅዎት ነው የመጣው፤ በዚያው ደግሞ...»

«ተይ ልጄ» አለኝ፣ በለሆሳስ። «እሱ ይመልስ።»

አባቴ ይዋሻል ብዬ ጠበቅኩ። በሕይወቴ አንድ ሰው እንዲዋሽ እንዲያ ተመኝቼ አላውቅም። እሱ ግን ውሸት አልሆነለትም፤ «መኪናዋ ልትመለስ ነው ይባላል። ሁለቱን ጎን ይፈልጋሉ» አለ። የፌስታሉን አፍ ጥቅልል ፍትት ያደርግ ነበር።

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«እንግዲህ ልንገርህ። እሷ ያረፈች ሰሞን ዝናቡ ድልድዩን ወስዶት ነበር። የሬሳ ሳጥን የሚሠራው ሰው እንጨት አልገባልኝም አለኝ። አስከሬኗን አስተኝቼ ስንት ቀን ልጠብቅ? ዞር ስል ፎርማው ቆሟል። ውስጡ ቀጥ ያለ ሳንቃ ነው፣ አንተም ታውቃለህ። ከታች ቤት ካለው አናጢ ጋር ሳንቃ በሳንቃ ፈታነው። ከአልጋዋ አጠገብ ቆሞ ሳለ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ነበረች፤ እኔ አልነበርኩም። "ይሄ እንጨት ከኔ በፊት ከዚህ ቤት አይወጣም" እያለች ትስቅብኝ ነበር። አብረው ወጡ።»

ለቅሶውን አስታወስኩ። ሳጥኑ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ነበር፤ ወንዶቹ ከብዷቸው ቶሎ ቶሎ ትከሻ ይለዋወጡ ነበር። አጎቴ እጁን ከጨርቁ ሥር አስገብቶ እንጨቱን ሲዳብስ አይቼዋለሁ። ሐዘን ነው ብዬ ነበር። ሐዘንም ነበር።

«ፋብሪካውን አፍርሰህ በላህ ብለኸኝ ነበር» አለ አጎቴ። «የዚያን ጊዜ እሷ አሟት ነበር፤ ሥራ መምረጥ አልቻልኩም። መጥተህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

አባቴ ተነሳ። መልሶ ተቀመጠ። እጆቹ የሚያደርጉትን አጥተው ነበር።

«መቃብሯ የት ነው? ውሰደኝ» አለ።

«ዛሬ አይሆንም።»

«ስለ እናታችን...»

«ዛሬ የመጣኸው ለእንጨቱ ነው፣ ወንድም ጋሼ። እዚያ ቆመህ ብታለቅስ ለየትኛው እንደምታለቅስ አላውቅም። ሻይህን ጠጣና ሂድ።»

አባቴ ሻዩን ጠጣ። ትኩስ ነበር፤ እስከ መጨረሻው፣ እንደታዘዘ ልጅ ጠጣው። ከዚያ ወጣን። አጎቴ እስከ በሩ አልሸኘንም።

በማግስቱም በሌላውም ቀን አባቴ መዶሻ አላነሳም። የታክሲው ባለቤት ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው እኔ ሰደብኩትና በሩን ሳይጠገን ይዞ ሄደ። ምግብ ሳቀርብ «አልራበኝም» ይለኛል፤ ኮሪደሩ ላይ ሲያልፍ ሸራውን ላለመንካት ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። አዘንኩለት፣ ተናደድኩበት። ሁለቱን በአንድ ላይ መሸከም ይከብዳል።

በሳምንቱ መጨረሻ ሬዲዮ መጣ። ከውጭ ጀምሮ አልጮኸም፤ ስለዚህ ክፉ ወሬ መያዙ ገባኝ።

«ኩባንያዎቹ መግለጫ ሰጡ» አለኝ በሹክሹክታ። «ስለ ሽርክናው የሚወራው ከእውነት የራቀ ነው፣ ለአሁኑ እቅድ የለንም ብለዋል። ግን "ለአሁኑ" ነው ያሉት። እሱን ልብ በይ።»

«ሂድ ወደ ቤትህ» አልኩት።

ለአባቴ የነገርኩት ራሴ ነኝ። ይወድቃል ብዬ ወንበር አቅርቤ ነበር። እሱ ግን ከዚህ በፊት ሰምቶት የረሳው ወሬ ይመስል «እሺ» አለና መስኮቱን ማየቱን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ዞረ።

«የወንድሜ ሚስት ምን ሆና ነው የሞተችው?» አለኝ።

ይህን የጠየቀኝ ከሞተች ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ነገርኩት። ኩላሊቷ እንደነበር፣ ለረጅም ጊዜ እንደተሰቃየች፣ በመጨረሻዋም ሳምንት ሰው የመጣ እየመሰላት በሩን ታይ እንደነበር። ያንን የመጨረሻውን ባልነግረው ይሻል ነበር፤ ግን ይወቀው ብዬ ነገርኩት።

እሁድ ማለዳ ስነሳ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ፌስታል አልያዘም። ጺሙን አልተላጨም። የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም፣ አብሬው ወጣሁ። አውቶቡሱ ወደ አጎቴ ሰፈር ወሰደን። ደረጃውንም ያለ እረፍት ወጣው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ እስኪመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየና አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ደግሞ ምን ፈለግክ?»

«ለቅሶ ነው የመጣሁት።»

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። ከፊቱ የቆመው የተዘጋ በር ቢሆንም ሰው ፊት እንደሚደረገው አንገቱን ደፋ።

«እግዜር ያጽናህ» አለ።

እግር ሲጎተት ሰማሁ። ከበሩ ኋላ መጥቶ ቆመ። መዳፍ እንጨቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ የሰማሁ መሰለኝ። በሩ ግን አልተከፈተም። አባቴ ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ።

«አባዬ፣ እስከ መቼ ልትቀመጥ ነው?»

«ለቅሶ ቤት እኮ ነው። ባለቤቱ በቃ እስኪለኝ።»

ወረድኩ። በየፎቁ ቆም እያልኩ ከላይ የመቀርቀሪያ ድምፅ እሰማ እንደሆን ጆሮዬን ጣልኩ። እስከ መንገዱ ድረስ አልሰማሁም።