የፈላው ኮምቡቻ

ልብስ ሰፊዋ ድስቱን ጥዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታለች። የሚፈላው ኮምቡቻ፣ የተብላላ የሻይ መጠጥ፣ ሽታው ግን እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ መስኮት ቢከፈትለትም በሩን መርጦ ወደ ደረጃው ይወርዳል። ባሏ ገላውን እየታጠበ ነው። ሳይወጣ አፍልታ፣ ለብ እስኪል አብርዳ በኩባያ ልትሰጠው ቸኩላለች። እንደ ሁልጊዜው “ቀዝቃዛ ለጉሮሮህ አይስማማም” ትለዋለች፤ እሱም እንደ ሁልጊዜው ምንም ሳይጠይቅ ይጠጣዋል።

የውጪው በር ቁልፍ ሲዞር ሰማች።

ሳያንኳኳ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የባሏ ታላቅ እህት። ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነውና ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን የቤቱን ቁልፍ ቀርጾ ሰጥቷታል። ኩላሊቷን ለሰጠችው እህቱ ቁልፍ ቢሰጣት ምን ይገርማል?

እህትየዋ የዋና አሠልጣኝ ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ከገንዳው ወዲያ ማዶ የሚሰማ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ስትደውል ሰላምታዋ አንድ ነው። “ኩላሊቴ እንዴት አደረ?” ወንድሟም ይስቅና “እሱስ ደህና ነው፣ ተሸካሚው ነው የሚደክመው” ይላታል። ልብስ ሰፊዋም አብራ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ኮምቡቻውን ያመጣችው እህትየዋ ናት። ስኳር ባለው ሻይ ላይ ተንሳፍፎ የሚያድግ፣ እንደ እርጥብ ቆዳ የሚያሟልጭ ነገር በትልቅ ብርጭቆ ዕቃ ታሳድጋለች። ከእሱ የወጣውን መጠጥ በጠርሙስ እየሞላች፣ “ሕይወት ያለው መጠጥ ነው፤ ሆድ ያጸዳል፣ አቅም ይሰጣል” እያለች በየሳምንቱ ታመጣለች። ልብስ ሰፊዋ ግን በአንዱ የሆስፒታል ክትትል ቀን ነርሷን ለብቻዋ ጠይቃት ነበር።

“አዲሱን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳይጥለው የሚወስደው መድኃኒት የመከላከል አቅሙን ያዳክመዋል” አለቻት ነርሷ። “እኔንና አንቺን የማይነካ ተሕዋስ እሱን ሊጥለው ይችላል። ቤት የተብላላ ነገር አይቅመስ።”

ይህን ለእህትየዋ በምን አፏ ትንገራት? ከገላዋ ቆርሳ የሰጠችን ሰው “ያመጡት ይጎዳዋል” ይባላል? ለባሏም መንገር ፈራች፤ እህቱን ከሚያስቀይም ቢሞት ይመርጣል። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች። ነርሷ የፈራችው ሕይወት ያለውን ከሆነ ሕይወቱን ላጥፋው ብላ ማፍላት ጀመረች።

“ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?”

እህትየዋ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። በእጇ ሌላ ጠርሙስ ይዛለች።

“እትዬ፣ ደህና አደሩ?”

እህትየዋ ድስቱን አየች። አጠገቡ የቆመውን ባዶ ጠርሙስ አየች። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

“ኮምቡቻዬን ነው የምታፈዪው?”

ጉድ ፈላ የሚባለው ይሄኔ ነው።

“ለብ እንዲልለት ብዬ ነው… ጉሮሮው…”

“ይሄ ለብ ነው? እየተንተከተከ እኮ ነው! ገደልሽው! ጥቅሙ በሕይወት መኖሩ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?”

ልብስ ሰፊዋ ማንኪያውን አስቀመጠች። “ከመጀመሪያው ጀምሮ።”

“እኔ ደረጃ ወጥቼ ደረጃ ወርጄ ሳመላልስ፣ አንቺ ወንድሜን የኮምቡቻዬን ሬሳ ነው የምታጠጪው?”

ቁልፍ ሠሪው ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ከሚስቱ ወደ እህቱ ተመለከተ። “ምን ሆናችሁ?”

“ሚስትህን ጠይቃት! ኩላሊቴን የሚጠብቀውን መጠጥ ምን እንደምታደርገው ትንገርህ።”

“ነርሷ ከልክላለች!” አለች ልብስ ሰፊዋ። ሳታስበው ጮኸች። “ያልፈላው ሊጎዳው ይችላል ብላለች!”

“ነርሷ ናት ኩላሊት የሰጠችው?”

የድስቱ ክዳን ይንቀጫቀጫል። ቁልፍ ሠሪው የእህቱ ዓይን እንባ ማቅረሩን አየ። ሄዶ ጠርሙሱን ከእጇ ወሰደ፣ ክዳኑን ጠመዘዘ፣ አረፋው ጣቱ ላይ ፈሰሰ።

“ተው!” አለች ሚስቱ። “በእናትህ ተው!”

“አንድ ብርጭቆ አይገድልም” አለና ከነቅዝቃዜው ጨለጠው። እህትየዋ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። “ይኸው” አለች፣ “ምን ሆነ?”

በዚያን ቀን ምንም አልሆነም፤ በማግስቱም። ልብስ ሰፊዋ ባሏ በተኛበት ግንባሩን እየዳበሰች ምናልባት ፈሪዋ እኔው ነኝ ማለት ጀምራ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ሲሞርድ ብርድ ብርድ አለው። ጥርሱ እየተፋጨ ሞረዱን ከእጁ ጣለ። ደንበኛው ደግፎ ታክሲ ውስጥ አስገባው።

ሁለቱ ሴቶች የተገናኙት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። እህትየዋ የመጣችው ከገንዳው ነው፤ ፀጉሯ ገና አልደረቀም፣ ፊሽካዋ አንገቷ ላይ ነው። በአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ።

ሐኪሙ ወጣ። “ትኩሳቱ ኃይለኛ ነው። ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ከገባ ኩላሊቱንም ልናጣው እንችላለን። ሰሞኑን ምን በላ? ምን ጠጣ?”

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን አየች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃት ነበር፤ ሴትየዋን እዚያው መሬት ልታስገባት ትችላለች። ዓረፍተ ነገሩ ምላሷ ላይ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን እህትየዋ ቀደመቻት።

“እኔ ነኝ” አለች። “ኮምቡቻ አጠጥቼዋለሁ። እሷ ስታፈላው ነበር። ያልፈላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።”

ሐኪሙ የነገረችውን መዝገብ ላይ ጽፎ ተመልሶ ገባ።

ነርሷ ስታልፍ እህትየዋ ክንዷን ያዘቻት። ያ ሁሉ ድምጿ ጠፍቶ በሹክሹክታ ጠየቀች። “የፈላው… ይጠቅመው ነበር?”

“ለብ ማለት ብቻ ተሕዋሱን አይገድለውም” አለች ነርሷ። “ሲፈላ ግን ተሕዋሲያኑ ያልቃሉ፤ የምትፈልጊው ጥቅም አብሮ ይሄዳል። ለጤነኛ ሰው ኪሳራ ነው። ለእሱ ግን መሞታቸው ነው የሚሻለው።” ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። “አንቺም ብትሆኚ፣ አይቅመስ አልኩሽ እንጂ አፍልተሽ ስጪው አላልኩሽም።”

ለካ የልብስ ሰፊዋም እጅ ንጹሕ አይደለም።

ሲነጋጋ ትኩሳቱ በረደ። የደም ምርመራው ባክቴሪያ አሳየ፤ ኩላሊቱ ግን ሥራውን አላቆመም። “ከመጠጡ ይሁን ከሌላ ነገር መማል አልችልም” አለ ሐኪሙ። “መጠጡ ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ሞቀ ቀዘቀዘ አልሰማም።”

ቁልፍ ሠሪው ትራስ ተደግፎ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ እጁን ያዘች።

“እንደምታፈዪው አውቅ ነበር” አላት። “ሽታው የት ይደበቃል? ለምን እንደሆነም ገብቶኝ ነበር።”

እጇን ነጠቀችው። “አውቀህ ነው የጠጣኸው?”

“እህቴን እምቢ ማለት አቃተኝ። ባየኋት ቁጥር ጎኗ ላይ ያለው ጠባሳ ነው የሚታየኝ።”

እህትየዋ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ቀስ ብላ ገብታ አልጋው ግርጌ ቆመች።

“እስቲ አሁን እምቢ በለኝ” አለችው።

“እትዬ፣ ተይ በቃ…”

“በለኝ አልኩህ!” የገንዳው ድምጿ ተመለሰ። ጎረቤት አልጋ ያለው ሰውዬ ቀና አለ። “ውሰድ ብልህ፣ ጠጣ ብልህ፣ ምን ትለኛለህ?”

“እምቢ” አለ ወንድሟ፣ ገና በደከመ ድምፅ።

“አልተሰማም።”

“እምቢ! አልጠጣም!”

እህትየዋ ራሷን ነቀነቀች። የአልጋውን ብረት ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ሁለቱም ሴቶች ቆመው፣ ወንበሩ በመካከላቸው ባዶውን ቀረ።