ካቴና የያዘው ልብስ ሰፊ

በቋንቋችን ካቴና ተብለው የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የእስረኛን እጅ ያስራል፤ ሁለተኛው የብስክሌትን የኋላ ጎማ ያሽከረክራል። ለሁለቱ የየራሳቸውን ስም ለማውጣት የተጨነቀ ሰው ባለመኖሩ፣ ሕግ አክባሪ የሆነ አንድ ልብስ ሰፊ በአንድ እሑድ ቀትር ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ወንጀለኛ ሆኖ ቆየ።

ሰፊው አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶት ገና ትዳር አልያዘም ነበር። በጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት አዋላጅ ጋዋኗን ልታሳጥር ወደ ሱቁ ከመጣች ወዲህ ግን ልቡ በቦታው አልነበረም። ጋዋኑን አራት ጊዜ አሳጠረላት። በአምስተኛው ጊዜ ጋዋኑ ሸሚዝ ሊሆን ትንሽ ስለ ቀረው፣ ነገሩን በግልጽ መነጋገር እንደሚገባቸው ሁለቱም ተረዱ።

የቀሩት አባቷ ነበሩ። አባቷ በወህኒ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው በሃምሳ አለቃነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፊው እሑድ በስድስት ሰዓት ለምሳ እንዲመጣና ልጃቸውን በራሱ አንደበት እንዲጠይቃቸው ፈቀዱ፤ ለማንኛውም ብለው የስልክ ቁጥራቸውን ላኩለት። ልጅቱም አስቀድማ አስጠነቀቀችው።

«አባዬ ሁለት ዐይነት ሰው አይወድም፤ የሚያረፍድና የሚያንዛዛ። ድንገት ካረፈድክ ምክንያትህን በአጭሩ በለው። ‹ነገሩ እንዲህ ነው› ብለህ ከጀመርክ አበቃልህ።»

«በስንት ቃል ልበለው?»

«ከዐሥር ካለፍክ እኔንም እርሳኝ።»

ሰፊው ምክሩን በልቡ ያዘ። የቀረው ጭንቀቱ ብስክሌቱ ነበር። ካቴናው ከመድረቁ የተነሣ በሄደበት ሁሉ ሲጢጥ እያለ ስለሚያሳጣው፣ ቅዳሜ ዕለት ወደ ሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ወሰደው። ይህ ጠጋኝ ጆሮውን ብረት ላይ ሳይለጥፍ ምርመራ ስለማይጀምር ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር ፔዳሉን አንድ ጊዜ አዙሮ አዳመጠና ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ ይኼ ካቴና ዘይት ካየ ስንት ጊዜው ነው?»

«ዘይት ያስፈልገዋል እንዴ?»

«አንተ ውኃ ያስፈልግሃል?» አለ ዶክተር። «ስማኝ። መጀመሪያ ጋዝ በነካ ጨርቅ እሸው፤ ጥቁሩ ይውጣለት። ሲደርቅ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ። አንድ! ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞርክ ዘይቱን አስገባው። ከዚያ ውጭውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ዘይት የሚፈለገው ውስጡ ነው፤ ውጭ የቀረው አቧራ ይጠራል።»

«ለእኔ ነው ይኼን የምትነግረኝ? የስፌት መኪናዬን በየጠዋቱ ማን የሚቀባ መሰለህ?»

ሰፊው የስፌት መኪናውን በእውነትም በየጠዋቱ አንድ አንድ ጠብታ ያጠጣው ነበር። ይሁን እንጂ ቤቱ ሲደርስ ብስክሌቱ ከመኪናው ምን ያህል እንደሚበልጥ በዐይኑ ለካና፣ የዘይቱም መጠን በዚያው ልክ ማደግ እንዳለበት ወሰነ። የሚተኮስ ልብስ ስለነበረው ማጠቡን ዘለለው፤ መጥረጉንም ረሳው። የመኪናውን ዘይት አንድ ሙሉ ጠርሙስ ዘቀዘቀበት። ካቴናው እስኪበቃው ጠጣ፤ የተረፈውንም በቸርኬውና በወለሉ ላይ ተፋው። ሲጢጥታው ግን ጠፋ። ሰፊውም በሥራው ረክቶ ተኛ።

የሚተኮሰው ልብስ ለዚያ ቀን ብሎ ለራሱ የሰፋው አዲስ ሱሪ ነበር። እግሩ እጅግ ሰፊ ነው። ሰፊው ለራሱ ሰፊ ሱሪ መስፋቱን ያየች ጎረቤቱ፣ ባለ ኪዮስኳ፣ «በዚህማ ሁለት ሙሽራ ይገባበታል!» ብላ ሳቀችበት። እርሱ ግን ቅናት ነው ብሎ አለፋት።

እሑድ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ወደ ሃምሳ አለቃው ቤት የሚወስደውን ዳገት እየወጣ ሳለ የቀኝ እግሩ ሱሪ ጫፍ በካቴናውና በፔዳሉ ጥርስ መካከል ገባ። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጨርቁ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተዋጠ፤ ሁለት ጊዜ ሲዞር እስከ ባቱ። ብስክሌቱ ቆመ። ሁለቱም መንገድ ዳር ያለ የግንብ አጥር ተደግፈው ቀስ ብለው ወደ መሬት ወረዱ፤ ሰፊው ከታች፣ ብስክሌቱ ከላይ።

ጨርቁን ጎተተው፤ እጁ በዘይት አዳለጠው። ሊቀደው ሞከረ፤ ስፌቱ ባለ ሁለት ክር ስለነበረ እምቢ አለ። በሕይወት ዘመኑ በጥሩ ሥራው የተጸጸተው በዚያች ቀን ብቻ ነው። ምናልባት ያሾልከው እንደሆነ ብሎ ለጥንቃቄ በኪሱ ከያዘው ሌላ ጠርሙስ ዘይት ጨመረበት፤ ሱሪው ጠቆረ እንጂ አልሾለከም። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ስልኩን አወጣና ምክሩን አስታውሶ ለሃምሳ አለቃው እንዲህ ሲል ጻፈላቸው፦

«ካቴና ይዞኝ አረፈድኩ። በዘይት ለመላቀቅ እየሞከርኩ ነው። ይቅርታ።»

ቆጠረው። ስምንት ቃል ነው። ሁለት ማትረፉ ከጭንቀቱ መካከል ትንሽ አጽናናው።

ሃምሳ አለቃው በቀረበው ማዕድ ፊት ለፊት ተቀምጠው መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ሥራው ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ልብስ ሰፊ።»

«ማን ነገረሽ? ራሱ?»

ስልኩን አቀበሏት። እርሷም አንብባ ሳቅ አመለጣት። «አባዬ፣ ይኼ እኮ የብስ—»

«አታንዛዢ!»

«ኧረ አባዬ፣ የብስክ—»

«አታንዛዢ አልኩሽ! በእኔ ጊዜ በዘይት የሞከሩ አራት ናቸው። ሦስቱ የእጃቸውን ቆዳ ላጡ። አራተኛው ካቴናውን አወለቀና፣ በገዛ ዘይቱ አዳልጦት በሩ ላይ ተዘረረ። በዘይት አይሆንም! ደግሞ ይቅርታ ይላል!» ኮታቸውን ደረቡ።

ልጅቱ በመንገድ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች፤ አሁንም አላስጨረሷትም። ፖሊስ ጣቢያው ከቤታቸው ሁለት መታጠፊያ ነው። ተረኛው ፖሊስ ሃምሳ አለቃውን ሲያይ ብድግ አለ።

«ዛሬ የያዛችሁትን ሰው ማየት እፈልጋለሁ፤» አሉት።

«ማንንም አልያዝንም፣ ሃምሳ አለቃ።»

«እንደገና ተመልከት።»

«ያለን አንድ ክፍል ነው። እርሱም ውስጥ ያለችው ባለቤት ያጣች በግ ናት።»

ሃምሳ አለቃው ጥቂት አሰቡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እንግዲያው አምልጧል ማለት ነው፤» አሏት።

ያመለጠውን ሰው ዳገቱ ወገብ ላይ፣ አጥር ሥር ተጋድሞ አገኙት። እጆቹ እስከ ክርኑ፣ ፊቱ እስከ ግንባሩ ጥቁር ሆነዋል።

«ካቴናው የት አለ?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«ይኸው ጋሼ፤ እግሬን ይዞኝ።»

ሃምሳ አለቃው ጎንበስ ብለው አዩ። ልጃቸውንም ቀና ብለው አዩ። እርሷ ጣራ ላይ ያለች ወፍ የምትመለከት መሰለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳላንዛዛ ብዬ ነዋ፣ አባዬ።»

ሃምሳ አለቃው ይቆጣሉ ወይም ይስቃሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረጉም። ጣታቸውን በካቴናው ላይ አሳልፈው የተጋገረውን ጥቁር ጭቃ ሲያዩ ፊታቸው ፈጽሞ ተለወጠ።

«ይህን ሁሉ ዘይት ያፈሰሰበት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሳታጥበው?»

«ሳላጥበው።»

«በሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ ጥፋተኛ አይቻለሁ፤» አሉ በዝግታ። «በየወሩ ሁለት መቶ ካቴና የምቀባው እኔ ነበርኩ። ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ፤ ከዚያ መጥረግ። አንዱም ዝጎ አያውቅም፤ አንዱም የእስረኛ እጅጌ አበላሽቶ አያውቅም። መሪውን ያዝልኝ!»

ብስክሌቱን ከላዩ አንሥተው ፔዳሉን ወደ ኋላ አዞሩት። ሱሪው እንደ ገባ፣ የጥርሱን ፋና በተርታ ይዞ ወጣ። ሰፊው ነጻ ሆነ፤ ማንም ግን ልብ አላለውም። ሃምሳ አለቃው መሬት ላይ ተቀምጠው በመሐረባቸው ካቴናውን መጥረግ ጀምረው ነበር። ከጡረታቸው ወዲህ እንዲህ ዐይናቸው በርቶ አይታ እንደማታውቅ ልጅቱ በሹክሹክታ ነገረችው፤ «አሁን ጠይቀው!» ብላም በክርኗ ጎሰመችው።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ለማግባት ፈቃድዎን ልጠይቅ ነበር የመጣሁት።»

«ስልሳ ሦስት። አታቋርጠኝ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ስልሳ አራት። ስልሳ አምስት...»

መቶ ዐሥራ ሁለተኛዋ መጋጠሚያ ላይ ሲደርሱ መሐረባቸውን ጣሉ፤ ከሰፊው ጠርሙስ ለእያንዳንዷ አንድ ጠብታ ሰጥተው፣ በእጅጌያቸው ጠረጉና ተነሡ።

«አባዬ፣ ሰውዬው እኮ ጠይቆሃል!»

«ሰምቻለሁ። መልስ የምሰጠው ሥራዬን ከፈተንኩ በኋላ ነው።» የሱሪያቸውን ጫፍ በካልሲያቸው ውስጥ ከተው፣ ማንም ሳያስቆማቸው ብስክሌቱ ላይ ወጡና ቁልቁለቱን ጀመሩ።

ካቴናው ድምፅ አልነበረውም። ሃምሳ አለቃውም ጀርባቸውን አቅንተው እንደ ጥላ ይወርዱ ነበር። ካቴናው በሚገባ ጸድቷል፤ ቅዳሜ ዕለት ቸርኬው ላይ የተረጨውን ዘይት ግን የጠረገ ሰው አልነበረም። ፍሬን ደግሞ የሚይዘው ቸርኬን ነው። ከዳገቱ ግርጌ፣ ለጥ ያለው ሜዳ ከሚጀምርበት አካባቢ፣ ጩኸታቸው ተሰማ።

«ፈቅጃለሁ! ፍሬኑ ግን እምቢ አለኝ!»

ልጅቱ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። ሰፊው ግን ከደስታው ብዛት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ስለ ሰማ፣ ከቆመበት ሆኖ በአክብሮት እጅ ነሣ።