የጥየቃው ለስላሳ

ሸጋዬ ባሏን ክንዴን ከለስላሳ ለማላቀቅ ያላየችው ፍዳ የለም። ሰውየው ፒያሳ ባለው የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ተቀምጦ በቀን አራት ጠርሙስ ይጨርስ ነበር፤ ጾም ሲገባማ «ይሄ እንደሁ የጾም ነው» እያለ ስድስት። ሐኪሙ ስኳሩ ጫፍ ላይ መድረሱን፣ ካልቀነሰ መድኃኒት እንደሚጀምር ሲነግረው ግን ደነገጠና ተወ። በአራት ወር አስራ አንድ ኪሎ ወረደለት።

የሰው አፍ መቼ ያርፋል? ሲወፍር «ተስማምቶታል» ያለ ጎረቤት ሁሉ ሲከሳ ለቅሶ ሊደርስ የተዘጋጀ መሰለ። የማይነገር በሽታ ይዞታል ተባለ። ሚስቱ አታበላውም ያሉም አልጠፉም። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ከከተማው ዳር እስካለችው አዘዞ ድረስ ወርዶ ዘመድ በሚኒባስ እየተሳፈረ ሊጠይቀው መጣ። ታማሚ ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ሁሉም ለስላሳ ይዟል፤ ያውም ትልቁን ጠርሙስ።

ሸጋዬ ደኅና ነው ብላ ማለች። ሐኪም ከልክሎታል ብላም ለመነች። ማን ሰምቷት! የዕድሩ ሰብሳቢ አያ ምንይችልማ ራሳቸው ቀድተው ብርጭቆውን ክንዴ አፍ ሥር ደቀኑት። የሽማግሌ እጅ አይመለስ ነገር፣ ሸጋዬ እርር እያለች ተቀበለቻቸው።

«የሱን እኔ እጠጣለታለሁ፣ አያ» አለችና ጭልጥ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴዋ ይኸው ሆነ። እንግዳ እንዳይከፋው ፊቱ ትጠጣለች፤ ሲሄድም የሰው ስጦታ መድፋት ነውር ነው እያለች ጠርሙሱን ትጨርሰዋለች። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

ክንዴ ለምርመራ ሲሄድ እሷም እህል ሳትቀምስ አብራው ሄደች። ስኳሩ ወርዷል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ደስታዋን ሳትጨርስ ነርሷ አየቻትና እስቲ እርስዎም ይለኩ አለቻት። የሸጋዬ ቁጥር ክንዴ ከነበረበትም በልጦ ተገኘ። ቀሚሷ ለምን እንደጠበባት ያን ጊዜ ገባት፤ በጎረቤቱም በራሷም ተናደደች።

ቤታቸው ሲደርሱ አያ ምንይችል በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ወሬው ከነሱ ቀድሞ ደርሶ ክንዴ እንደዳነ ሲሰሙ ደስታቸውን ሊገልጹ መምጣታቸው ነው። በብብታቸው ትልቁን ጠርሙስ ይዘዋል።

«እሰይ፣ አንቺም ሸጋ ሆነሻል» አሏት ከላይ እስከ ታች አይተው። «ተስማምቶሻል።»

ሸጋዬ ሐኪም ከልክሎኛል ልትል አፏን ስትከፍት ክንዴ ቀደማት።

«የሷን እኔ እጠጣላታለሁ፣ አያ» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ።

ለስላሳ ከተወ ወዲህ ፊቱ እንዲህ ሲበራ አላየችም።